«ሦስት ፍሬ ብቻ ነው ያጨስኩት»

ደብዳቤው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 27 ነው፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ እነዳለሁ። ማክሰኞ ዕለት ደሴ ላይ በቀኝ በኩል የታችኛውን የመጨረሻ መንጋጋዬን አስነቀልኩ። ተጋድሞ የበቀለ ስለነበር ድዴን ከፍተው፣ ጥርሱን ቆራርጠው ነው ያወጡልኝ፤ ተሰፍቻለሁም። ከመጀመራቸው በፊት ‹ታጨሳለህ?› ሲሉኝ እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ ‹አላጨስም› አልኩ። ከ19 ዓመቴ ጀምሮ በቀን 10፣ 12 ፍሬ አጨሳለሁ፤ እሷ አታውቅም። ማክሰኞን እንደምንም አለፍኩት። ረቡዕ ማታ ግን አቃተኝ። ጓደኛዬ ‹ጎዝ ነክሰህ ቀስ ብለህ ሳበው፣ ምንም አይልህም› አለኝና ሁለት ፍሬ አጨስኩ። ሐሙስ ጠዋት አንድ ደገምኩ። ሦስት ፍሬ ብቻ ነው ያጨስኩት። አሁን ሐሙስ ማታ ነው፤ ሕመሙ ከተነቀልኩበት ቀንም ብሷል፤ ጆሮዬ ድረስ ይጠዘጥዘኛል፤ አፌ ለራሴ ይሸተኛል። ጓደኛዬ ‹ሲጋራው ካስቸገረህ ሺሻ ይሻልሃል፣ ውሃው ያጣራዋል› ይላል። ጎረቤታችን ደግሞ ቅርንፉድ ወቅጠህ ጉድጓዱን ሙላው ይሉኛል። እንዲህ ያደረገኝ ሲጋራው ነው? መቼ ነው ማጨስ የምችለው? ለሐኪሙስ የግድ መናገር አለብኝ?»

ወንድምዓለም፣ አብሽር።

ይህ ዓምድ እስኪወጣ ቀናት እንደሚያልፉ ስለማውቅ ሐሙስ ማታውኑ በአጭሩ መልሼልህ ነበር፤ ቅርንፉዱንም ሺሻውንም ተወው፣ ነገ በጠዋት ወደ ነቀሉህ ሐኪም ውጣ ብዬ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መልሰህ ጻፍክልኝ። ጉድጓዱን አጥበው መድኃኒት የተነከረ ጎዝ አደረጉልህ፤ ወደ ቤትህ ስትመለስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ሳትጨርስ ሕመሙ ቀለለህ። ሰኞ ደግሞ ተመለስ ተብለሃል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የመልእክትህ መጨረሻ ግን ሌሊቱን ሲያብሰለስለኝ አደረ። «አሁንም ‹ታጨሳለህ?› ብለው ጠየቁኝ፤ እናቴ አብራኝ ነበረች፤ አላጨስም አልኩ።»

ስለዚህ ይህን ረዘም ያለውን መልስ ከመውጣቱ በፊት እልክልሃለሁ፤ ሰኞ ወደ ደሴ ከመውጣትህ በፊት አንብበው። ከሦስቱ ጥያቄዎችህ ለእኔ ትልቁ የመጨረሻው ነው። ነገር ግን ጥርሱን የታመመ ሰው አስቀድሞ መስማት የሚፈልገው ስለ ሕመሙ ነውና ከእሱ ልጀምር።

ጥርስ ሲነቀል የሚቀረው ጉድጓድ ባዶ ሆኖ አይቆይም። በደቂቃዎች ውስጥ ደም ይሞላዋል፤ ደሙም ይረጋል። ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ለዓመታት በረዳትነት ሠርቻለሁ፤ መብራቱን አስተካክዬ፣ ምራቅ መምጠጫውን ይዤ ከሐኪሙ ትከሻ አጠገብ ስቆም የማየው ያንን ነበር። ጠቆር ያለ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ጥሬ ጉበት ቁራጭ ያለ ነገር ነው። አይተውት የሚጸየፉ አሉ፤ «ይህን ቆሻሻ ልጉመጥመጥና ላውጣው?» ብለው የሚጠይቁም ብዙ ናቸው። ያ የረጋ ደም ግን ሰውነትህ ራሱ ያሰረልህ ፋሻ ነው። ከሥሩ ያለውን አጥንትና የነርቭ ጫፍ ከምግብ፣ ከምራቅና ከአየር የሚጋርደው እሱ ነው። በቀናት ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ገብተውበት ወደ አዲስ ሥጋ መለወጥ ይጀምራል። ድዱ በ3 ወይም በ4 ሳምንት ገደማ ይገጥማል፤ አጥንቱ ሞልቶ እስኪጠነክር ግን ወራት ይወስዳል።

ይህ የረጋ ደም ሥራውን ሳይጨርስ ከወጣ ወይም ከሟሟ አጥንቱ ይራቆታል። ሐኪሞች ድራይ ሶኬት ይሉታል፤ የደረቀ ጉድጓድ እንደ ማለት ነው። የሚታወቅበትም መንገድ አለው። ተራ የመነቀል ሕመም የመጀመሪያውን ቀን በርትቶ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ይኼኛው ግን ከ1 እስከ 3 ቀን ይቆይና ተሻለኝ ስትል ይመጣብሃል፤ ወደ ጆሮና ወደ ጆሮ ግንድ ይወጣል፤ ማስታገሻ እምብዛም አያስታግሰውም፤ አፍን መጥፎ ጠረንና መራራ ጣዕም ይሞላዋል። ማክሰኞ ተነቅለህ ሐሙስ ማታ የጻፍክልኝ ይህንኑ ነው። ለዚህ ነው በቶሎ ውጣ ያልኩህ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ቁስሉ ላይ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ስስ ሽፋን ይወጣል። አንድ ጊዜ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ወደ ክሊኒካችን መጡ፤ «መግል ይዟል፣ እኔ ግን በየቀኑ እየፋቅሁ አጸዳዋለሁ» አሉን። ከኮታቸው ኪስ ስንጥር አውጥተው አሳዩን፤ ጫፉ ላይ ደም ደርቆበታል። መግል አልነበረም፤ ለመዳን የወጣውን ሽፋን ነበር በየማለዳው የሚልጡት። ሕመም የሌለበትና የማይሸት ነጭ ሽፋን ካየህ አትንካው። ምላስህም አይመላለስበት። በእርግጥ ከባድ ነው፤ ምላስ ወደዚያው ካልሄድኩ ይላል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ያደረገህ ሲጋራው ነው ወይ?

መቶ በመቶ እሱ ነው ብዬ ብምልልህ ዋሽቼሃለሁ። ድራይ ሶኬት አጭሶ የማያውቀውንም ሰው ይይዛል። ከሚነቀሉ ጥርሶች ሁሉ ከ100 በ2 እስከ 5ቱ ላይ ያጋጥማል ይባላል፤ እንደ አንተ ተጋድሞ በበቀለ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ላይ ግን ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤ እስከ 30 ያደረሱት አሉ። ድድ ተከፍቶ፣ አጥንት ተነክቶ የወጣ ጥርስ ከመጀመሪያውም ለዚህ የቀረበ ነው። በዚህ ላይ ሲጋራ ሲጨመር አደጋው ከማያጨስ ሰው ጋር ሲነጻጸር 3 እጥፍ ያህል ይሆናል። ያንተ ጥርስ አስቸጋሪው ዓይነት ነበር፤ ያጨስከውም የረጋው ደም ገና ሳይጠና በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ ከተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ፊት የሚቆመው ሲጋራው ነው።

«ጎዝ ነክሰህ ቀስ ብለህ ሳበው» የሚለውን ምክር ከአንተ ብቻ አይደለም የሰማሁት። ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ሰው የሚፈራው መሳቡን ብቻ ነው። እርግጥ ነው ጭስ ስትስብ አፍህ ውስጥ የሚፈጠረው ጉተታ የረጋውን ደም ሊነቅለው ይችላል፤ በስትሮ አትጠጣ፣ አክታህን አጥብቀህ አትትፋ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ትኩሱ ጭስም ጥሬ ቁስል ላይ ያርፋል። ዋናው ጉዳት ግን የሚሄደው በሳንባህ በኩል ነው። ኒኮቲን ደምህ ውስጥ ገብቶ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ያጠባቸዋል፤ ቁስሉ የሚፈልገው ደም ይቀንስበታል። ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደም ውስጥ የኦክስጅንን መቀመጫ ይነጥቃል፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ የሚጣበቅ ጋዝ ነው። ጎዙ አፍህን ሸፈነ እንበል፤ ከሳንባህ ተነሥቶ በደም ሥርህ ዞሮ መንጋጋህ ድረስ የሚመጣውን ምን ይሸፍነዋል? ቀስ ብለህ ሳብከው፣ በፍጥነት ሳብከው፣ በአፍንጫህ አወጣኸው፣ መንገዱ አይለወጥም።

ሺሻው ከዚህም የባሰ ነው። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ስለማያቃጥልህ የተጣራ ይመስልሃል። ኒኮቲኑና ካርቦን ሞኖክሳይዱ በውሃው ውስጥ አልፈው ይመጣሉ፤ ከላይ የሚነደው ከሰል ደግሞ የራሱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። አንድ ሲጋራ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሺሻ ፊት ግን ሰው አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቀመጣል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ደግሞ ቧንቧውን በረጅሙ እየሳበ ነው። ሱረትም እንደዚያው ነው፤ ጭስ ባይኖረውም ትንባሆ ነው፤ ከቁስሉ አጠገብ ተቀብሮ ይውላል።

አንተ ያላነሣኸው፣ እኔ ግን አገሬን ስለማውቅ የማነሣው ጫትን ነው። ቅዳሜ በርጫ ካለ፣ «በግራ በኩል እቅማለሁ» ብለህ እንዳታስብ። ቅጠሉ ደቆ መላ አፍህን ይሞላል፤ ፍርፋሪው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሻዩ በስኳር የተሞላ ነው፤ መንጋጋህም ዕረፍት ያጣል። ደግሞም ጫት ይዞ ሲጋራ የማያምረው አጫሽ ስንት ነው? ይህችን ቅዳሜና የሚቀጥለውን ቅር፤ ማንም አይቀየምህም። «ጥርስ ተነቅያለሁ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ካልክ ወሎ ውስጥ ዱዓ አድርጎልህ የሚሸኝህ እንጂ ግድ የሚልህ የለም።

ጎረቤታችሁ ግን ከእውነቱ ብዙም አልራቁም፤ ይህን ስነግርህ እሳቸውን አክብሬ ነው። ዓርብ የተደረገልህ ጎዝ የቅርንፉድ ሽታ አልሸተተህም? በተለምዶ ለዚህ ሕመም የሚደረገው መድኃኒት ዩጂኖል የሚባል ከቅርንፉድ ዘይት የሚገኝ ነገር አለበት፤ ነርቭን የሚያደነዝዘው እሱ ነው። ልዩነቱ በመጠኑና በአደራረጉ ላይ ነው። ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥበው፣ መጠኑን ለክተው ያስቀምጡታል፤ ይከታተሉታልም። የተወቀጠ ቅርንፉድ ግን ደቃቁ በተራቆተ አጥንት ላይ ይለጠፋል፣ ለማጠብም ያስቸግራል፤ ዘይቱ ያለ ልክ ሲሆን ደግሞ ሥጋውን ያቃጥለዋል። አረቄ አፍ ውስጥ መያዝም እንዲሁ ነው፤ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ቁስሉን ግን ያቆስለዋል።

ከሰኞ ወዲያም ጎዙን አንድ ሁለት ጊዜ ይለውጡልህ ይሆናል። በራስህ እንዳታወጣው። አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ሕመሙ ይለቃል። እስከዚያው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሟና ከምግብ በኋላ አፍህ ውስጥ ያዘው፤ አታናውጠው። ስታወጣውም አጎንብሰህ በራሱ እንዲወርድ ተወው እንጂ አትትፋው። አጥሚት፣ ሾርባ፣ እርጎ፣ ሙዝ፣ የተፈጨ ድንች ብላ። ቆሎውና ሚጥሚጣው ይቆይህ። ቡናህን አልከለክልህም፤ እስኪበርድ ግን ጠብቅ። ቡናና ሲጋራ እንዴት እንደተጣመሩ ስለማውቅ፣ ለዚህ ሁለት ሳምንት ቡናህን ከእናትህ ጋር እቤት ጠጣ፤ እዚያ አታጨስም።

ስለ ማስታገሻ ሐኪምህ ያዘዙልህን ተከተል። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይለፍ። አይቡፕሮፌን ከታዘዘልህ በባዶ ሆድ አትውሰደው፤ ጨጓራ ካለብህ አስቀድመህ ተናገር። ዳይክሎፌናክ ከእሱ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነውና ሁለቱን አትደርብ። ከሰው የተረፈ ትራማዶል፣ ያ የሚያደነዝዘውን ጠንካራ ማስታገሻ፣ ውጠህ ደግሞ መሪ እንዳትጨብጥ። ያ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ክረምት ሲሆን ጉም ይወርድበታል፤ ከኋላህም 12፣ 15 ነፍስ ተቀምጧል። ፋርማሲ ገብተህ በራስህ አሞክሳሲሊን አትግዛ፤ የደረቀ ጉድጓድ መድኃኒቱ መታጠቡና መሸፈኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ትኩሳት 38 ካለፈ፣ እብጠቱ ጠንክሮ ወደ አገጭህ ሥርና ወደ አንገትህ ከወረደ፣ ምራቅ መዋጥ ከከበደህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ፣ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ጎዝ አጥብቀህ ነክሰህ ግማሽ ሰዓት ቆይተህም የማይቆም ደም እንዲሁ ነው። ከንፈርህ ወይም ምላስህ እስካሁን ደንዝዞ ከሆነ ደግሞ ሰኞ ሳትረሳ ንገራቸው።

«መቼ ነው ማጨስ የምችለው?» ብለሃል። ጥርሱን ነቅሎ በሰላም ለሚድን ሰው ሐኪሞች የሚሉት ትንሹ ቁጥር 72 ሰዓት ነው፤ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲሆን ይሻላል ይላሉ። አንተ ግን ጉድጓድህ ተራቁቷል፤ ለአንተ ቆጠራው እንደገና የሚጀምረው ከዓርብ ነው። ሐኪምህ ቁስሉን አይተው ሸፍኗል እስኪሉህ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ አንድም ፍሬ አታጭስ። ግማሽም አታጭስ፤ ሁለት ጊዜ ስበህም አትጣል።

ይህን ስጽፍልህ ቀላል መስሎኝ አይደለም። እስቲ ረቡዕ ማታን አስበው። የኒኮቲን አምሮት ከምንም ጊዜ በላይ የሚበረታው ካቆሙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ነው፤ ሰውየው ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ እጁ የሚይዘው ያጣል። የረጋው ደም ከምንም ጊዜ በላይ ጥበቃ የሚፈልገውም በእነዚሁ ቀናት ነው። ሁለቱ ክፉ ሰዓቶች ተገጣጥመው አንድ ማታ ላይ ወደቁብህ፤ ይህ እንደሚመጣ ደግሞ ማንም አስቀድሞ አልነገረህም። ሊነግሩህ ይችሉ የነበሩት ሰዎች አላጨስም ብለሃቸዋል። የተሸነፍከው ሰነፍ ሆነህ አይደለም፤ ሳትዘጋጅ ስለገባህበት ነው።

አሁን ግን ተዘጋጅ። በሁለተኛው መልእክትህ ላይ ከሐሙስ ጠዋት ወዲህ እንዳላጨስክ ነግረኸኛል፤ ስለዚህ ከባዱን ግማሽ በሕመም ውስጥ ሆነህ አልፈኸዋል። ረመዷን ሲሆንም ከሱሑር እስከ መግሪብ 13 ሰዓት ያህል ሳታጨስ እየነዳህ እንደምትውል ጽፈህልኛል፤ ስለዚህ ትችላለህ። አንዱ አምሮት ሲመጣ ዘላለማዊ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ያንተ መቼ መቼ እንደሚመጣ ከደብዳቤህ አይቻለሁ፦ መናኸሪያ ተራ ስትጠብቅ፣ ከቡና በኋላ፣ ማታ ሒሳብ ስታስረክብ። ተራ ስትጠብቅ ከሚያጨሱት ጋር አትቁም፤ መኪናውን ጥረግ፣ ጎማ እይ፣ ለእናትህ ደውል። ላይተርህን ለረዳትህ ስጠውና «ብለምንህም እንዳትሰጠኝ» በለው። እጅህ ሥራ ከፈለገ ሙስበሃ ያዝ፤ ቀዝቃዛ ውሃም ከአጠገብህ አይጥፋ፣ ከጠርሙሱ አትምጠጥ እንጂ በኩባያ ጠጣ። የኒኮቲን ማስቲካ ማኘክ አሁን ለመንጋጋህ አይሆንም፤ በቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ስለመጠቀም ማሰብ ካለብህ ከሐኪምህ ጋር ተመካከርበት፣ እሱም ኒኮቲን ነውና።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ልታጨስ ትችላለህ ወይ? የሚከለክልህ የለም፤ የራስህ ውሳኔ ነው። እኔ ግን እለምንሃለሁ፤ ከ8 ዓመት በኋላ ሰውነትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኒኮቲን የሚላቀቅበት ሁለት ሳምንት ሊሆን ነው፤ ያን ያህል ሕመም ከፍለህበት መልሰህ አትስጠው።

የመጨረሻው ጥያቄህ ላይ ደረስን። አዎ፣ የግድ መናገር አለብህ።

ሐኪም «ታጨሳለህ?» ብሎ ሲጠይቅ የምግባር ጥያቄ እየጠየቀህ አይደለም። ደምህ እንዴት እንደሚረጋ፣ ቁስልህ በስንት ቀን እንደሚድን፣ መቼ ተመለስ እንደሚልህ፣ ከማደንዘዣው በፊት ምን እንደሚመክርህ የሚወስነው በመልስህ ነው። ዓርብ ዕለት ሐኪምህ ያንን ጉድጓድ ሲያዩ «የማያጨስ ሰው ምን አግኝቶት ነው እንዲህ የሆነ?» ብለው አስበው ይሆናል። ጥርሱ ስላስቸገረ ነው ብለው አልፈውት ይሆናል፤ የራሳቸውን እጅም ተጠራጥረው ይሆናል። ያጋጠመኝን ልንገርህ፤ አንድ ወጣት ጎዙ እየተለወጠለት ሳምንት ሙሉ አልድን አለ። ሐኪማችን ራጅ እንዲያነሣ ላኩት፤ የተሰበረ ሥር ቀርቶ እንደሆነ ብለው። ምንም አልነበረም። በመጨረሻ ሐኪሙ ሲወጡ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በየማታው ያጨስ እንደነበር ነገረኝ። ያ ሁሉ ሕመም፣ ያ ሁሉ ምልልስና ገንዘብ፣ ለአንዲት ቃል። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ አስቀድመን እንዲናገር አድርገነው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ሰው ሊናገር የሚችልበትን ቦታ ማዘጋጀት የእኛም የባለሙያዎቹ ፈንታ ነበር።

ስለ እናትህ። የታካሚ ምስጢር ምስጢር ነው፤ የ27 ዓመት ሰው ነህና ሐኪም ያለ ፈቃድህ ለእናትህ አይነግርም። ሰኞ አብረውህ ከወጡ፣ ስምህ ሲጠራ «እማ፣ እዚህ ቁጭ በይ፣ ቶሎ እመጣለሁ» በላቸውና ብቻህን ግባ። እንኳን ሐኪም ቤት፣ ፀጉር ቤትም ሰው ብቻውን ነው የሚገባው። አብረው ከገቡም «ለብቻዬ የምነግርዎ አለኝ» ማለት ነውር የለውም፤ ነርሶች ይህን ለምደውታል፣ እናትህን በትሕትና ያስወጧቸዋል።

ለእናትህ መንገርና አለመንገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ ጨርስ አልልህም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሹራብህን የሚያጥቡልህ እሳቸው ከሆኑ፣ 8 ዓመት ሙሉ አላወቁም ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ማክሰኞ ዕለት ከአጠገብህ ቆመው «አላጨስም» ስትል ምን ብለው ዝም እንዳሉ አንተም እኔም አናውቅም። ምናልባት ያንን ቡና አብራችሁ ስትጠጡ አንድ ቀን ራሱ ይመጣ ይሆናል።

አንድ የረሳሁት አለ። በግራ በኩል ያለውም ከሁለት ወር በኋላ ይነቀላል ብለሃል። አስቀድመህ ለምን እንደሚነቀል ጠይቅ፤ የማያምና በሽታ የሌለበት የመጨረሻ መንጋጋ ሁሉ የግድ አይነቀልም። መነቀል ካለበት ግን ሁለት ወር ጥሩ ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቀው፣ ከቀዶ ሕክምና 4 ሳምንት ገደማ ቀደም ብለው ማጨስ ያቆሙ ሰዎች በቁስልና በማደንዘዣ ምክንያት የሚደርስባቸው ችግር ይቀንሳል። አንተ ከሐሙስ ጀምረሃል። በዚሁ ከቀጠልክ ለግራው ጥርስ ስትቀመጥ ሁለት ወር ሙሉ ያላጨስክ ሰው ትሆናለህ፤ ያን ጊዜ «አላጨስም» ብትል እውነት ይሆናል።

ሰኞ ስትገባ ግን፣ ወንበሩ ላይ ከመጋደምህ በፊት፣ አፍህን ከፍተው መናገር ከማትችልበት በፊት እንዲህ በላቸው፦ «ዶክተር፣ ሁለት ጊዜ ዋሽቼዎታለሁ። በቀን 10፣ 12 ፍሬ አጨስ ነበር። ከተነቀልኩ በኋላ ረቡዕ ማታ ሁለት፣ ሐሙስ ጠዋት አንድ አጭሻለሁ። ከዚያ ወዲህ አልነካሁም።» ከዚያ አፍህን ክፈትላቸው።